ከቪዛው አውቶቡስ የወረድኩበት ቀን

ፓስፖርቴ ላይ በተደጋጋሚ «ቱሪስት» ተብዬ ተጽፌያለሁ። በሕይወቴ ግን አንድም ቀን አገር ጎብኝቼ አላውቅም። ዱባይ ውስጥ ዓለም ሁሉ ፎቶ የሚነሣበትን ያን ረጅም ፎቅ ያየሁት ከሥራ ስመለስ በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ጫፉን ሳላየው እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህን የምለው ላስቃችሁ አይደለም። ቱሪስት የሚለውን ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሚፈላ ልንገራችሁ።

ሰብለ እባላለሁ፤ የቢቸና ልጅ ነኝ። ዱባይ የወሰደኝ ደምሰው የሚባል የሰፈራችን ሰው ነው። ከአገር ከወጣ ቆይቷል። ለአባቱ ለመሪጌታ ጥበቡ ከደብሩ ጀርባ ባለ ፎቅ ቤት ሠርቶላቸዋል፤ ደብሩንም ቆርቆሮ አልብሶታል። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ስንት አገር አቋርጦ የመጣ ተማሪ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ተምሯል። ስለዚህ «የመሪጌታ ልጅ ነው የሚወስዳት» ከተባለ በኋላ እናቴም ወንድሜ ታደለም ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። እኔም አልጠየቅሁም።

እዚያ አንዲት ያገራችን ሴት በከፈተችው ፀጉር ቤት ሹሩባ እሠራ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም፤ ያለኝ የቱሪስት ቪዛ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ «ቪዛ ቼንጅ» የሚሉት ነገር አለ። አገሩን ለቆ ወደ ጎረቤት መውጣት፣ እዚያ ተቀምጦ አዲስ የቱሪስት ቪዛ መጠበቅ፣ ሲመጣ እንደ አዲስ እንግዳ ተመልሶ መግባት። ወደ ኦማን መግቢያውን፣ አውቶቡሱን፣ ጠረፍ ላይ ያለውን ማደሪያ ሁሉ የሚያዘጋጀው ደምሰው ነው። ቀድሞም ሄጄ ተመልሻለሁ። በዚህኛው ጉዞም ሲደውልልኝ «እንደ ዕረፍት ቁጠሪው፤ ተኝተሽ ትመጫለሽ» ነበር ያለኝ።

ማደሪያው ሆቴል ይባል እንጂ መጠበቂያ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ድርብርብ አልጋ ተደርድሯል፤ ከየአገሩ የመጡ ሴቶች ስልካቸውን ጡታቸው ላይ አድርገው ይተኛሉ። ስልክ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ሁሉም ይነሣል። ቪዛዋ የመጣላት ትስቃለች፤ ሌላዋ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እኔ የታችኛውን አልጋ ያዝሁ። ከላይ የተኛችው ጥቁር ሻሽ የጠመጠመች ቀጭን ልጅ ነበረች። በስልክ በአማርኛ ስታወራ ሰማሁና አንገቴን ቀና አድርጌ፣

«የት አገር ልጅ ነሽ?» አልኳት።

«የሞጣ።»

ከአልጋዬ ተነሥቼ አቀፍኳት። ቢቸናና ሞጣ እኮ አንድ ቤት ማለት ነው፤ መሐላችን ደብረ ወርቅ ብቻ ነች። ዘሐራ አለችኝ ስሟን። (ስሟን ለውጬዋለሁ። ይህን ጽሑፍም ከማውጣቴ በፊት አንብቤላት ፈቅዳለች።) አባቷ ሐጂ ኑሩ ሞጣ ገበያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከቤት የወጣችው ሳታስፈቅድ ነው። አዲስ አበባ አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ፣ ከዚያው በረረች። ከዚያ ወዲህ አባቷ አላናገሯትም። እናቷ ብቻ ሲመሻሽ ተደብቀው ይደውሉላታል። የወሰዳትም ደምሰው ነበር።

«ጋሼ ደምሰው ጥሩ ሰው ነው አይደል፣ እታለም?» አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እታለም ነበር የምትለኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። ያኔ እውነቴን ነበር።

አንድ ላይ እየበላን፣ ፀጉሯን እየሠራሁላት ጠበቅን። ስሠራላት ስለ ሞጣ ታወራለች። አባቷ ጨርቅ ሲለኩ ለድሃ ሰው ክንዳቸውን እንደሚያስረዝሙ ነገረችኝ፤ ነግራኝም አለቀሰች።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የእኔ ቪዛ መጣ። የእሷ አልመጣም።

ወዲያው ደምሰው ደወለ። «እንኳን ደስ አለሽ። አውቶቡሱ ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ እንዳያመልጥሽ።»

«የዘሐራስ?»

«የእሷ ትንሽ ችግር አለበት፤ ይቆያል። አንቺ ነይ። ለእሷ መኪና ልኬላታለሁ፤ ሙስካት የደንበኛዬ ቤት እየሠራች ትጠብቃለች። ሾፌሩ ሲመጣ ፓስፖርቷን ትስጠው።»

«ለምን እዚሁ አትጠብቅም?»

«ስሚ እህቴ፣ ማደሪያውን የምከፍለው እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ አልተቆጣም። «እ፣ አንድ ነገር ደግሞ። ከመሄድሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።»

«የእሷን? ለቪዛው ነው?»

«አዎ፣ ለቪዛው። ሻሿን ታውልቅ። ቁማ፣ ከእግር እስከ ራሷ። ያ ሰፊ ልብስ አይሁን፤ ያንቺን ሱሪ አልብሻት።»

ምንም አላልኩትም። እሺ ያልሁት መሰለውና ዘጋው።

ስልኩን ይዤ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ለቪዛ ስንት ጊዜ ፎቶ ተነሥቻለሁ። የሚፈልጉት ፊት ነው። ከእግር እስከ ራስ ያለ ፎቶ፣ ያውም በጠባብ ሱሪ፣ የየትኛው መንግሥት ቪዛ ይጠይቃል? የሙስካቱ ደንበኛ እያየ የሚመርጥ ነው። ደምሰው ልጅቱን እያሳያት ነው፤ እንደ ገበያ በግ ዙሪያዋን ሊያስዳስሳት። ያን ጊዜ ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ አንድ ትኩስ ነገር ሲወጣብኝ ተሰማኝ። ፍርሃት መስሎኝ ነበር። ንዴት ነው።

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሳልሸፋፍን።

ዘሐራ ሻሿን በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ምናልባት እንደዚያ ላይሆን ይችላል፣ እታለም» አለች።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። ግን ብቀር የት እሄዳለሁ? አባባ አይቀበሉኝም። አንቺ ሂጂ፤ ቪዛሽ በእጅሽ ነው። እኔ የአላህን አያለሁ።»

ከቀትር በኋላ አውቶቡሱ ከበሩ ላይ ቆመ። ዘሐራ ሻንጣዬን ራሷ ተሸክማ አወረደችልኝ። ተሳፈርኩ። መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ እሷ ብቻ አልነበረም። ስለ እናቴ አሰብኩ፤ ታደለ በኔ ተማምኖ የጀመረውን ቤት አሰብኩ። ፀጉር ቤቱ ሌላ ሰው እንደሚቀጥር አሰብኩ። ይህን ሁሉ ሳስብ አንድ ነጭ መኪና መጥቶ ከአውቶቡሱ ፊት ቆመ። ሾፌሩ ወረደና ስልኩን እያየ ወደ ማደሪያው በር ተራመደ። በሩ ላይ የቆመችውን ዘሐራን ቀና ብሎ አያት፤ ከእግሯ ጀመረና እስከ ራሷ። ከዚያ ደግሞ ስልኩን አየ።

ተነሣሁ። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሞተሩ በርቷል። ሾፌራችን በአረብኛ ጮኸብኝ፤ ቪዛሽ ይቃጠላል፣ ሌላ ጊዜ አይወስዱሽም ማለቱ ነው። ወረድኩ። ሻንጣዬን አልጠየቅሁም፤ ከአውቶቡሱ ጋር ሄደ፤ ፓስፖርቴ ብቻ በኪሴ ነበር። የዘሐራን እጅ ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወጣን፤ ክፍላችን ገብተን በሩን ቆለፍነው። ሌሎቹ ሴቶች ምን እንደ ሆነ ባያውቁም አንዷ ተነሥታ አልጋ ገፍታ አስደገፈችልን።

«የአባትሽን ስልክ ስጪኝ» አልኳት።

«አይሆንም።»

«ዘሐራ።»

«ከሞትሁ ይሻለኛል።»

«የሚጠብቅሽ ሞት አይደለም» አልኳት። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቁጥሩን ነገረችኝ።

ያን ሰሞን በእኛ አካባቢ ስልክ አንዴ ይሠራል አንዴ ይጠፋል፤ መንገዱም እንደዚያው። ደጋግሜ ስሞክር በመጨረሻ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «ማን ልበል?» አለ። ከጀርባው የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

ማን እንደ ሆንኩ፣ የት እንደ ሆንን፣ ምን እንደ ተጠየቅሁ ነገርኳቸው። ሐጂ ኑሩ አላቋረጡኝም።

«ድምፅዋን አሰሚኝ» አሉ።

ስልኩን ለዘሐራ ሰጠኋት። «አባባ» አለችና ሌላ ቃል አልወጣትም። እሳቸው ምን እንዳሏት አልሰማሁም። ስልኩን ስትመልስልኝ ፊቷ ረጥቦ ነበር፤ ግን ቀና ብሏል።

«ይህ ደምሰው የምትይው የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«የቢቸናው የመሪጌታ ጥበቡ።»

«የቅኔው መምህር?»

«አዎ።»

«በሩን ለማንም አትክፈቱ፤ እኔ እስክደውል። ስልካችሁ ኃይል እንዳያልቅበት።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰዓት እንዴት ልንገራችሁ። የነጩ መኪና ሾፌር በሩን መታ። ለስለስ ብሎ ለመነ፤ ቀጥሎ ሰደበን። የማደሪያው ሠራተኛ በሩ ሥር ሆኖ፣ ሰውዬው ልጅቱ ገንዘብ ሰርቃኛለች፣ ፖሊስ እጠራለሁ እያለ ነው አለን። ደምሰው ደወለ፤ አላነሣሁትም። ደግሞ ደወለ። ከዚያ የጽሑፍ መልእክት ላከ፦ «አንቺን ሰው ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። አትቅበጪ።» ዘሐራ አልጋው ላይ ተንበርክካ ዱዓ ታደርግ ነበር። እኔ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ልደግም ሞከርኩ፤ ንዴቱ መስመሩን እያስጠፋኝ ደጋግሜ ከመጀመሪያው ተነሣሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐጂ ኑሩ ደወሉ።

«ቢቸና ነኝ» አሉ። «ከመሪጌታ ቤት ተቀምጫለሁ። አዳምጡ፤ እናንተ ግን አትናገሩ።»

በዚያ በማይታመን መንገድ መኪና ለምነው፣ በደብረ ወርቅ በኩል፣ በየኬላው እየቆሙ መጥተዋል። በኋላ እንደ ሰማሁት መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው፣ እንግዳውን ከመደቡ ላይ አስቀምጠው፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተዋል። ከዚያ በራሳቸው ስልክ ለልጃቸው ደወሉ፤ ድምፁንም ከፍ አደረጉት። የሐጂ ስልክ ከጎኑ ስለ ነበር ሁሉንም ሰማነው።

«ደምሰው።»

«አባባ፣ እንዴት ዋሉ? ደህና ነዎት?»

«ሐጂ ኑሩ ከሞጣ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ልጃቸው የት ነች?»

«የሥራ ጉዳይ ነው አባባ። ቪዛዋ እስኪመጣ ሥራ ፈልጌላት ነው። እርስዎ በዚህ አይድከሙ።»

«ሻሿን አውልቃ፣ የሰው ሱሪ ለብሳ ፎቶ ትነሣ ያልኸው ለየትኛው ሥራ ነው?»

«አባባ፣ ቆይቼ ልደውልልዎ።»

«እየጠየቅሁህ ነው፣ ልጄ።»

«አባባ፣ እዚህ ያለው ነገር ለእርስዎ አይገባዎትም።»

«አይገባኝም» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እንግዲያው የሚገባኝን ልንገርህ። ከዚያ በር ላይ ያቆምኸው መኪና አሁን ይነሣ። ካልተነሣ እኔ ከዚህ ከሠራህልኝ ቤት ዛሬ እወጣለሁ። ደጀ ሰላሙ ሥር ቁጭ እላለሁ። ለምን ወጣህ ብሎ የጠየቀኝን ሁሉ፣ ልጄ የሰው ልጅ ሸጦ የሠራው ቤት ስለ ሆነ ነው እለዋለሁ። ለተማሪዎቼም እነግራለሁ። ተማሪዎቼ ደግሞ አገር ለአገር ይሄዳሉ።»

«አባባ፣ እባክዎ…»

«መኪናው ተነሣ?»

ምን ያህል እንደ ቆየን አላውቅም። ከታች የመኪና ሞተር ተነሣ። አንዷ ሴት በመስኮት አየችና እጇን አወዛወዘችልን፤ ሄዷል።

ሐጂ ኑሩ ዘመድ አዝማድ አፈላልገው ከዚያው ወደ አገራችን የምንበርበትን ቲኬት ላኩልን። የእኔ ቪዛ ሳልጠቀምበት ቀኑ አለፈ። አዲስ አበባ የጠበቁን ሐጂ ራሳቸው ነበሩ። ዘሐራ እግራቸው ሥር ልትወድቅ ስትል በትከሻዋ ያዟት፤ ሻሿን አስተካከሉላት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። አላለቀም፤ የሚያናድደኝም የቀረው ነው።

ቢቸና ቤታችን ስደርስ ታደለ ተነሥቶ ሳመኝና ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ፣ «ቪዛሽ በእጅሽ ነበር አሉ» አለኝ።

«ነበር።»

«ልጅቱ ታዲያ ዘመዳችን ናት?»

እናቴ «ተዋት» አለችው። እሷም ግን ለጎረቤት ስታወራ «ሳይቀናት ተመለሰች» ስትል ሰምቻታለሁ። ከተማው ውስጥ ደግሞ ያጎረሰ እጅ ነካሽ ተባልኩ። ልጅ ሲሸጥ የነበረው ሰው ወገን አለው፤ የእኔ ነገር ግን «ቀናችበት»፣ «ከእሱ ጋር ሌላ ነገር ነበራት» እየተባለ በየቡና ቤቱ ተወራ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልሁት። ጻፈው።

ይህ እንደ ተሰማ ሽማግሌ መጣ። ከፊት የሚመሩት መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ።

ያን ቀን እንደ ተቸገርሁ ተቸግሬ አላውቅም። እኒህ ሰው ናቸው ከዚያ ክፍል ያወጡን። ከእኛ ቤት ደጃፍ ቆመው «ቤቶች» ሲሉ ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሽማግሎቹ ተቀመጡ። አንደኛው ረጅም ምሳሌ አምጥቶ፣ ልጅ ያጠፋል፣ አገር ይምራል አለ። ሐጂ ኑሩም የልጃቸው ስም ፍርድ ቤት እንዲነሣ እንደማይፈልጉ፣ ለእርቁም ፈቃደኛ እንደ ሆኑ ተነገረኝ። ያ ወጋኝ፤ ግን ገባኝ። የሚድሯት ልጅ አለቻቸው። ሊሸጣት የነበረው ስሙ ሳይነሣ፣ ልትሸጥ የነበረችው ስሟ እንዳይነሣ ትደበቃለች። አገራችን እንዲህ ናት።

በመጨረሻ መሪጌታ ተናገሩ። «ልጄ፣ ክሱን ተይልኝ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

«መሪጌታ፣ ለራስዎ ቢሆን ነፍሴንም አልሰስትም» አልኳቸው። «ይቅርታ የሚጠየቀው ለማን ነው? ለእርስዎ ከሆነ፣ እርስዎ የበደሉኝ ነገር የለም።»

«ለእሱ ነው።»

«እሱ የት አለ?»

«ሰው አገር ነዋ» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ስለ እሱ እኛ ቆመናል። ሽማግሌ አይረገጥም፣ ልጄ።»

«ሰው አገር ስልክ አለ፤ ለእኔ ሲደውል ነበር» አልሁ። «ይደውልና በራሱ አፍ ይናገር። ዘሐራን ለማን ሊሰጣት ነበር? ከእሷ በፊት በዚያ መኪና የሄዱ አሉ? ካሉ የት ናቸው? የማን ልጆች ናቸው? ይህን ለእኔ ሳይሆን ለሕግ ይናገር። ያን ጊዜ ስለ ይቅርታ እናወራለን። እስከዚያ ቃሌን አላነሣም።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሎቹ አጉረመረሙ። እኔ መሪጌታን ብቻ ነበር የማየው። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«እንሂድ» አሏቸው ለሌሎቹ። «ያልተጠየቀ ይቅርታ ልናስፈቅድ ነው የመጣነው።»

በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «ከእሷ በፊት የሄዱ ስለ መኖራቸው እኔም ጠይቄዋለሁ» አሉኝ። «አልመለሰልኝም።» ወጡ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ያን ባለ ፎቅ ቤት ዘግተውት፣ ከተማሪዎቻቸው ጎጆ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቃቸው ይናገራሉ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞች፤ እኔ ልጃችሁን አትላኩ አልልም። የሚያስወጣውን ችግር አውቀዋለሁና። ግን ስትልኩ ጠይቁ። የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይሆን የት እንደሚያደርሳት ጠይቁ። እኛን ያስበላን የአባትየው ክብር ነው፤ ጥሩ አባት ያለው ሁሉ ጥሩ ሰው መሰለን። እናንተም እህቶቼ፣ ቪዛ ፊት ነው የሚጠይቀው። ከአንገት በታች የሚጠይቃችሁ ሰው ሌላ ነገር ይፈልጋል። ልጅ ደግሞ ባዶ እጇን ስትመለስ ምን ይዘሽ መጣሽ አትበሏት። ራሷን ይዛ መጥታለች።

አሁን ቢቸና ውስጥ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ለመንገድ የሚዘጋጁ ልጆች ሹሩባ ሊሠሩ ይመጣሉ። እየሠራሁ እነግራቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ይሰማሉ፣ አንዳንዶቹ «ቀናተኛ» ብለው ግማሹን ሳልጨርስ ይነሣሉ። ዘሐራ ሞጣ አባቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትለካለች። ክሱ እንዳለ አለ፤ ተከሳሹ ከአገር ውጭ ነው ይሉኛል። ታደለ አሁንም ስለዚያ ቪዛ ያነሣብኛል፤ ታላቄ ነውና ዝም እለዋለሁ፤ ሲበዛብኝ ግን ዝም አልልም።

ደምሰው እስካሁን አልደወለም። እኔም ስልክ ቁጥሬን አልቀየርሁም።